መቅደስ የዘለለችው ጥያቄ

ጥር ሲጋመስ ሰፈራችን በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል፣ ጆንያ ላይ ይሰጣል፣ ቦታ የጠበበውም ለባጃጅ መተላለፊያ ሳይራራ አስፋልቱ ዳር ይዘረጋዋል። እኔም ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ማስነጠስ እጀምራለሁ። ሌላው ሰው ፍኖተ ሰላምን በፍራፍሬዋ ያውቃት ይሆናል፤ እኔ የማውቃት በዚህ ሽታ ነው። ሽታው በመጣ ቁጥር ወጣትነቴን ይዞልኝ ይመጣ ነበርና እወደው ነበር። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር አስከትሎ መጣ። የጎረቤቴ ልጅ መቅደስ እቤቴ ተቀምጣ ልትጠይቀኝ የሚገባትን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቀኝ አለፈች። አንድ ጥያቄ ብቻ። ስለ ልጄ ስለ ይበልጣል ማንም ያልነገረኝን ነገር የሰማሁት ከዚያች ካልተጠየቀች ጥያቄ ነው። ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ነገሬ ወዲያና ወዲህ ቢል አንባቢ ይታገሰኝ።

መቅደስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የቆየች ልጅ ናት። ሰሞኑን «የማኅበራዊ ጥናት ዘዴ ሥልጠና» የሚሉት ገብታ ጠዋት ጠዋት አንገቷ ላይ ባጅ አንጠልጥላ፣ ታብሌቷን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትወጣ አያታለሁ። ማታ ስትመለስ ደጃፌ ላይ ቆም ብላ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሳምፕሊንግ ፈጀን እኮ!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ደስታዬ ልክ የለውም። «በእኛ ጊዜ ናሙና ነበር የሚባለው፤ ስሙን ለወጣችሁት እንጂ ያው ነው» እላታለሁ። መጀመሪያ አላመነችኝም። ጡረታ የወጣች አስተማሪ መሆኔን እንጂ አስተማሪ ከመሆኔ በፊት መጠይቅ ይዤ የምዕራብ ጎጃምን ገጠር በእግሬ ያካለልሁ መሆኔን ማን ነግሯት? ነገር ግን አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ የናሙና አወጣጥ ሳስረዳት አፏን ከፍታ ቀረች። «እትዬ፣ ታዲያ እርስዎ ለምን አያሠለጥኑንም?» አለችኝ። በጣም ነው የኮራሁት፤ ያን ዕለት ራቴን እንኳ በወጉ አልበላሁም፤ ሳወራ አመሸሁ።

የእኛን ሥልጠና ዓመተ ምሕረቱን አልቆጥርም፤ በጊዜው ገዢው ማን እንደ ነበረም እዚህ ላይ አይጠቅመንም። ሻይ በስሙኒ፣ ሽሮ በብር የሚበላበት ጊዜ ነበር ካልሁ ይበቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ውጤት ያልመጣልን ልጆች ነበርን፤ ሥራ አለ ሲባል ከቡሬም፣ ከሽንዲም፣ ከማንኩሳም ተጠራርተን ፍኖተ ሰላም ተሰበሰብን። ትምህርት ቤቱ ለአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ተዘግቶ ስለ ነበር አንዱን ክፍል ሰጡንና ለልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀመጥን። የታደለን መጠይቅ ከማባዣው ገና መውጣቱ ነበርና ቀለሙ አልደረቀም፤ ያን ቀን የነካነው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። እኔ እናቴ ለሥራ ብላ የገዛችልኝን ነጭ ሸሚዝ በመጀመሪያው ቀን አበላሸሁት፤ አጥቤ አጥቤ ቢያቅተኝ ሹራብ ደርቤበት በዚያ ሙቀት ስቀቀል ሰነበትሁ። ወንዶቹ ቤልቦተም ሱሪና ባለ ረጅም ኮሌታ ሸሚዝ ለብሰው ይመጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ዘናጭ የቡሬው ሙሉቀን ነበር፤ ማበጠሪያው ከአፍሮው አይወጣም፣ ሱሪው ደግሞ መንገዱን እየጠረገ ይሄዳል። «ሙሉቀን፣ ማዘጋጃ ቤቱ እኮ የጽዳት ደመወዝ ሊከፍልህ ይገባል» እያልን እንተርበው ነበር። እሱ ግን ከሁላችንም ፈጣንና ጠንቃቃ ተማሪ ሆኖ አረፈው።

አሠልጣኛችን አቶ ሰሎሞን የሚባሉ ከአዲስ አበባ የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጠመኔ ሲይዙ እስከ ክርናቸው ነጭ ይሆናሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሕጋቸው ግን የማይላወስ ነበር። «ጥያቄውን እንደ ተጻፈው አንብቡ። አታሳጥሩ፣ አታስረዝሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አትዝለሉ። የምትጠይቁትን ሰው መልስ ፊታችሁ እንዳያስተምረው፤ ቢያስቅም አትሳቁ፣ ቢያሳዝንም አታልቅሱ» ይሉናል። መጠይቁ ረጅም ነበርና ቅደም ተከተሉን እንደ ዜማ አስጠኑን። ሰው፣ ሞት፣ ጣሪያ፣ ከብት፣ እርሻ። መጀመሪያ በቤቱ ያሉ ሰዎች በስም ይጠየቃሉ፤ ቀጥሎ በዓመቱ ውስጥ የሞተ ካለ ይጠየቃል፤ ከዚያ ጣሪያው ከምን እንደ ተሠራ፣ ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ እርሻው። እንደ ቆሎ ተማሪ እየጮኽን ነበር የምንለው። ሲደክመን መነኻሪያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት እንገባለን፤ ባለቤቷ ቴፕዋን የምትከፍተው ብስኩት ለገዛ ብቻ ነበርና ዘፈን ለመስማት ስንል ስንት የደረቀ ብስኩት በላን! ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ላህ ወንዝ ወርደን እግራችንን ውኃ ውስጥ እየነከርን «ሰው፣ ሞት፣ ጣሪያ» እንባባላለን። «ሞት» የምትለዋን ቃል እንደ «ከብት» አቅልለን ነበር የምንጠራት። ሃያ ዓመት ያልሞላው ሰው ምን ያውቃል?

ገበሬው «ቆጣሪዎች» ነበር የሚለን። ግብር ሊጨምሩብን ነው ብሎ የሚሸሸን እንዳለ ሁሉ፣ ዕጣ ሳይደርሰው ቀርቶ ቤቱን ስናልፈው የሚቀየመንም ነበር። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መንገድ ላይ ጠብቀውን «እኔስ የሰው ቁጥር አይደለሁም? የአያ ፈንቴን ቤት ገብታችሁ የእኔን ደጅ የምታልፉት ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው ተቆጡን። ስለ ናሙና ብናስረዳቸው ብናስረዳቸው አልገባቸውም። በመጨረሻ ሙሉቀን ባዶ ወረቀት ላይ ጥያቄውን ሁሉ ጠይቋቸው፣ መርቀውን ተለያየን። ይህንን ታሪክ ለመቅደስ ስነግራት እስክታነባ ሳቀች። «እትዬ፣ ለእኔም እንዲህ ጠይቁኝ የሚል ቤት ይፈልጉልኝ፤ ከነገ ወዲያ ልምምድ አለብን፤ አምስት ቤት ገብታችሁ ጠይቁ ተብለናል» አለችኝ። ምን ሌላ ቤት ያስፈልጋል፣ እኔ እያለሁ!

እንግዲህ የጠራኋት እኔ ነኝ። በልምምዱ ቀን ደጄን በጥድፊያ ስታልፍ አየኋትና «መቅደስ! ነይ ግቢ እንጂ፤ ከእኔ የተሻለ ተጠያቂ ከየት ታገኛለሽ?» አልኋት። ቆም አለች። «እትዬ፣ የእርስዎን ሌላ ቀን ላድርገው?» አለች። «ምን ሌላ ቀን አለ፣ ዛሬ ነው ልምምዱ» ብዬ እጇን ይዤ አስገባኋት። ልጄ ስመኝ ገበያ ወጥታ ነበር። መቅደስ ወደ በሩ ወደ በሩ ታያለች። የሙያ ፍርሃት ነው ብዬ ሳቅሁባት። «አይዞሽ፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አልኋት። ወንበር ሰጠኋት፣ እኔም መደቡ ላይ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ።

ስምና ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ማረፉን ነገርኋት፤ እሱ ካረፈ ብዙ ዓመቱ ነው። «በዚህ ቤት የሚኖሩትን፣ ለሥራም ወጥተው ከሆነ የቤቱ አባል የሚባሉትን ሁሉ ይንገሩኝ» አለች፣ እንደ ተጻፈው። ጎበዝ ልጅ፣ አልሁ በሆዴ። «ሴቷ ልጄ ስመኝ አለች። የበኩር ልጄ ይበልጣል ደግሞ ወደ ደቡብ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ዶዘር ነው የሚነዳው። ሰሞኑን ኔትወርክ የለም ብለው ነው እንጂ በየሳምንቱ ይደውልልኝ ነበር። ለፋሲካ ይመጣል» አልኋት። መቅደስ ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ቀና ሳትል «የቤቱ ጣሪያ ከምን የተሠራ ነው?» አለችኝ።

«ቆርቆሮ» አልሁ። አፌ መለሰ እንጂ ልቤ ከኋላ ቀርቶ ነበር። ሰው፣ ሞት፣ ጣሪያ። ከሰው ወደ ጣሪያ ከመሄዱ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ዘመኑ ተለውጦ አውጥተውት ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ እንዲያውም ላሾፍባት አምሮኝ ነበር። «ምነው፣ ዘንድሮ ሞትን ከመጠይቁ አባረራችሁት እንዴ?» አልኋት እየሳቅሁ።

መቅደስ አልሳቀችም። «አዎ፣ እትዬ… ወጥቷል» አለች። ጆሮዋ ሥር ድረስ ቀላች። እኔ ብዙ ዓመት ሰው ጠይቄአለሁ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ተማሪ ፊቴ አቁሜ የቤት ሥራህ የታለ ብያለሁ። የሚዋሽ ሰው ድምፅ አውቃለሁ። ክው አልሁ። መደቡ የሸሸኝ መሰለኝ።

በዚያች ቅጽበት የሰሞኑ ነገር ሁሉ ተሰልፎ መጣብኝ። ስልኬን ስመኝ «ባትሪው አብጧል፣ ላሠራው» ብላ ወስዳው እስካሁን አልመለሰችውም። ኔትወርክ የለም ይሉኛል፤ የጎረቤት ስልክ ግን በግድግዳ በኩል ሲጮህ እሰማለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ድሮ እንዳልረሳ ከሩቅ ነበር የምታስታውሰኝ፤ አሁን ውኃውን ራሷ ይዛ መጥታ እስክውጠው ድረስ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ሳቅ የማታበዛው ልጅ ያለ ወትሮዋ ሳቂታ ሆናለች። የመቅደስ እናት ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻዬን አትለቀኝም። ወንድሜ ከአዴት «ልጠይቅሽ እሑድ እመጣለሁ» ብሏል፤ ወንድሜ ደግሞ ሰው ካልሞተ ወይም ካልተዳረ አዴትን ለቅቆ አያውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ ግን ሆዴም አላወቀም ነበር። ባለፈው ሳምንት ክርስትና ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። እልል ብዬ፣ አጨብጭቤ፣ «ይበልጣልን በዳርሁት» ብዬ ቀልጄ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ያን ጊዜ ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነው ብዬ ነበር ያሰብሁት።

እንዲህ ያለ መጎንበስ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አይቼ ነበር። ከማንኩሳ ገባ ብሎ ባለ መንደር፣ በሥልጠናው የመጨረሻ ሳምንት፣ ለመስክ ልምምድ ወጥተን። ጥር ነበር፤ ሠርጉ ሁሉ ያለፈበት፣ አገሩ በርበሬውን አድርቆ የሚቀነጥስበት። እኔና ሙሉቀን አንድ ላይ ተመደብን፤ ጠያቂው እሱ፣ ተመልካቿ እኔ። ዕጣ የደረሳቸው ወይዘሮ ደብሬ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ድምፃቸው እስከ ማዶ የሚሰማ። ግቢያቸው ውስጥ የመንደሩ ሴቶች በርበሬው ዙሪያ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ። «ቆጣሪዎቹ እናንተ ናችሁ? ኑ ግቡ ልጆቸ! እኔስ መቆጠር አልጠላም፤ የማይቆጠር ሙት ብቻ ነው» አሉ። ሙሉቀን ሱሪውን ሰብስቦ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በቤቱ ያሉትን ጠየቃቸው። «እኔ አለሁ። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ ዋሴ የሚባል፤ ለሥራ ቆላ ወርዷል። ለፋሲካ ይመጣል፤ ሲመጣ እናንተም ኑ፣ በግ ይታረዳል» አሉ። በርበሬው ዙሪያ ያሉት እጆች ሁሉ ቆሙ። እኔ አይቻለሁ፤ ጨዋታውን ለመስማት ነው ብዬ አለፍሁት።

ሙሉቀን እንደ ተማረው አነበበ። «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ከዚህ ቤት በሞት የተለየ ሰው አለ?»

«ኧረ ተመስገን! ደኅና ነን፤ ሞት በሩቁ!» አሉ እማማ ደብሬ። ይኼኔ ከኋላ አንዷ ሴት ሲቃ አመለጣት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ምን ሆንሽ አንች?» ቢሏት «በርበሬው ነው፣ ዓይኔን ገባኝ» አለች። እማማ ደብሬ ሳቁና «በውኃ ታጠቢው እንጂ» አሉ። ወዲያው ሁለተኛዋ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ሦስተኛዋ። የእማማ ደብሬ ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀስ እያለ ሲደርቅ አየሁ። አንዷን ያያሉ፣ ሌላዋን ያያሉ። «ከጥዋት ጀምራችሁ ስትቀነጥሱት የዋላችሁት በርበሬ አሁን ገና ነው የሚፈጃችሁ?» አሉ። ሴቶቹ ይበልጥ ወደ በርበሬው አጎነበሱ። «ማን ነው?» «ማን ነው ስላችሁ! ምነው፣ አፍ የላችሁም?» ማንም ቀና አላለም። «ዋሴ ነው» አሉ፤ ሲናገሩት የጥያቄ ድምፅ አልነበረውም።

የጩኸቱን ነገር አልጽፍም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ከጩኸቱ በኋላ የመጣው ነው። አንድ ሽማግሌ ሮጠው ደረሱና ሊያጽናኗቸው ሲሞክሩ እማማ ደብሬ ክንዳቸውን አስለቀቁና «መቼ?» አሉ። ሽማግሌው ተንተባተቡ። «ከሰፈሩ ሠርግ በፊት ነው የሰማነው፤ ወባ ነው አሉ። ሠርጉ እንዳይበላሽ፣ ዘመድም እስኪሰበሰብ ብለን…» እማማ ደብሬ ቆመው ሁሉንም በየተራ አዩ። «በሠርጉ አስጨፈራችሁኝ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ልጀ አፈር ለብሶ እኔን እስክስታ አስመታችሁኝ? አንቺ ከበሮ ስትመቺልኝ ታውቂ ነበር? አንቺስ? አንተስ?» እያንዳንዱን ጠየቁ። ሙሉቀን መጠይቁን ከነእርሳሱ ጥሎ አጥር ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ያ ሁሉ አፍሮ፣ ያ ሁሉ ሽቅርቅርነት ከላዩ ተገፎ ሕፃን ልጅ መሰለ። እኔ ደግሞ ቅድም ቆመው ያየኋቸውን እጆች ብቻ አስብ ነበር።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚተርብም የሚስቅም አልነበረም። አቶ ሰሎሞን ጠመኔውን ይዘው ሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ የጻፉት ነገር ግን የለም። ሙሉቀን «እኔ በቃኝ» አለ። «አንተ አላጠፋህም፤ እንደ ተጻፈው ነው ያነበብኸው» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ያልተነገረ መርዶ ያለበትን ቤት እንዝለለው ብንል ሟቹ ሳይቆጠር ይቀራል። እንግባ ብንል ያለችውን እንገድላለን። እኔ መልሱን አላውቀውም፣ ልጆች» አሉ። አሠልጣኝ «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ አስደነገጠኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ አንድ መንደር ከመግባታችን በፊት ሽማግሌዎቹን ለብቻ ጠርተን «ያልተነገረ መርዶ አለ?» እንል ጀመር። አለ ያሉንን ቤት እንዘላለን። ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት መንደር እንኳ የእኛ መጠይቅ ሁሉ ሰው ደኅና ነው ይል ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ያን ጊዜ ግን ተገላገልን ብለን ነበር።

ለዋሴ አርባ እማማ ደብሬን ልጠይቅ ብቻዬን ሄድሁ። ሙሉቀን እሞታለሁ እንጂ አልሄድም አለ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በኋላ «ያ ጠጉራሙ ልጅ ደኅና ነው?» አሉኝ። «ደኅና ነው፤ አፍሮ ነው የቀረ» አልሁ። «ምን አሳፈረው? ንገሪው። አገሩ ሁሉ ሲያስቀኝ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። እነሱ ለእኔ ሲሉ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም ለሌላው አድርጌዋለሁ። ግን የእናት ነገር… ልጇ በሞተበት ቀን ሁሉ አውቆ እሷ ብቻ የማታውቅ፣ ይህስ ምን ይባላል?» አሉ። መልእክቱን ለሙሉቀን ስነግረው ጀርባውን ሰጠኝና አለቀሰ፤ በኋላ ግን ሥራውን ቀጠለ።

አሁን እንግዲህ መቅደስ ፊቴ ተቀምጣለች። ከእኔ ባልተናነሰ ደንግጣለች። አንገቷ ላይ ያለው ባጅ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። «ከብት አለዎት?» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ነገሩን ወደ ፊት ለመግፋት። ከተማ መሐል ተቀምጬ ምን ከብት አለኝ! ምስኪን። ልጅቱ ዘለለች እንጂ ክፋት አላደረገችም። እናቷ፣ ልጄ፣ ሰፈሩ በሙሉ እየተጨነቀ የያዘውን ነገር እሷ በአንድ ልምምድ እንድታፈርስ ማን ይፈርድባታል? ለእሑድ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ወንድሜ እስኪደርስ፣ ግፊቴ እስኪረጋጋ ብለው ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ደረቴ ውስጥ አንድ ቁጣ ተነሣ። ይበልጣልን በዳርሁት ስል ስንቱ ሰምቶኛል!

በዚህ መሐል ስመኝ ሽንኩርቷን ተሸክማ ገባች። መቅደስን ስታይ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ያን የሰሞኑን ሳቋን ፊቷ ላይ ለጠፈችው። «እማዬ! ምን እየሠራችሁ ነው? ኧረ መቅደስ፣ እናትሽ ስትፈልግሽ ነበር፤ ሂጂ እንጂ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን በደንብ አየኋት። ከስታለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ወንድሟን ብቻዋን፣ በጓዳ፣ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅሰው ከርማለች፤ እኔን ስታይ ደግሞ እየታጠበች ትወጣለች። ቁጣዬ እዚያው በረደ። ለእሷ አዘንሁ፤ ለራሴ ማዘኑ ገና አልደረሰኝም ነበር።

«የትም አትሄድም» አልሁ። «አንቺም ቁጭ በይ፣ ስመኝ።»

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል?»

«ወስጃለሁ፤ ቁጭ በይ አልሁሽ።» ወደ መቅደስ ዞርሁ። «ልጄ፣ ወደ ኋላ ተመለሽ። አንድ ጥያቄ ዘለሻል።»

«እትዬ፣ በእመቤቴ…» አለች፤ እንባዋ ታብሌቱ ላይ ጠብ አለ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላት። «አልቆጣሽም። ሁሉም ሰው ሳይጠይቀኝ ከርሟል፤ አንቺ ጠይቂኝ። እንደ ተጻፈው አንብቢ፤ አታሳጥሪ፣ አታስረዝሚ» አልኋት። ስመኝ በሩን ተደግፋ ቀረች፤ የያዘችው ፌስታል ከእጇ ወርዶ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ማንም አላነሣውም።

መቅደስ አንገቷን ደፍታ አነበበች። ድምፅዋ ለራሷም የሚሰማት አይመስልም።

«ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት… ከዚህ ቤት… በሞት የተለየ ሰው አለ?»

«አለ» አልሁ።

ስመኝ በቁሟ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ!» አለች። እጄን ዘረጋሁላት፤ ደርሳ ያዘችው።

«ስም?» አለች መቅደስ እያለቀሰች።

«ይበልጣል።»

«ፆታ?»

«ወንድ።»

«ዕድሜ?»

«ሠላሳ አራት። ከፋሲካ በኋላ ሠላሳ አምስት ይሞላው ነበር።»

መቅደስ ቀጣዩን አየችና አፏን ያዘች። በዓይኔ አንብቢ አልኋት።

«የሞተበት ምክንያት?»

አፌን ከፈትሁ። የተወለደበትን ሌሊት አውቃለሁ፤ ሲወለድ ያዘነበውን ዝናብ እንኳ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ የበቀለችውን ጥርሱን አውቃለሁ፣ የሚወደውን አውቃለሁ፣ ጨለማ እንደሚፈራና ለሰው እንደማይናገር አውቃለሁ።

«እሱን እኔ አላውቀውም» አልሁ። «ስመኝን ጠይቂያት።»